አባል ስንጠብቅ ማፕ መጣ

«ሊንክድትሪማፕ ወደ አባል ሊቀየር አይችልም።» በጃቫ ኮድ እየጻፈ ይህን መልእክት የማያውቅ ካለ ገና ትናንት የጀመረ መሆን አለበት። ስልኩ ላይ መተግበሪያው ብልጭ ብሎ ይዘጋል፤ ላፕቶፑ ላይ ቀዩ መስመር ከላይ እስከ ታች ይደረደራል፤ ከሁሉም አናት ላይ ይህች ዓረፍተ ነገር ጉብ ትላለች። ጂሰን (Gson) የሚባለውን ላይብረሪ ትተን ጃክሰን የሚባለውን ብንይዝ ስሟን ወደ «ሊንክድሃሽማፕ» ቀይራ ትመጣለች እንጂ አትቀርም። የሚያናድደው እኛ በጻፍነው ኮድ ውስጥ ማፕ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የአባላት ሊስት ነው ያልነው። ኮምፓይለሩም አይቶ አሳልፎናል። ታዲያ ማፑ ከየት መጣ?

ሐረር ላይ የሶፍትዌር ሥራ ማለት ሰማይ የሚነካ ነገር አይደለም። ለፋርማሲ የመድኃኒት መመዝገቢያ፣ ለግል ትምህርት ቤት የውጤት ካርድ፣ ጀጎል ውስጥ የድሮ ቤታቸውን ለእንግዳ ለሚያከራዩ ሰዎች የክፍል መያዣ፣ ይኸው ነው። ሰሞኑን ደግሞ አፎቻ። ለማያውቅ ሰው፣ አፎቻ ማለት ሐረሪዎች በሐዘንም በሠርግም የሚረዳዱበት ማኅበር ነው፤ ከእድር ጋር ይቀራረባል፤ ወንዶቹም ሴቶቹም የየራሳቸው አላቸው። ሽማግሌዎቹ የሚፈልጉት ነገር ከባድ አይደለም። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ሰው ሲሞት ለማን ይደወላል። ደብተሩ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ ይታይ፣ አለቀ።

ደብተሩን ወደ ሰርቨር ማስገባት አይከብድም። ጣጣው የሚጀምረው ሰርቨሩ መልስ ሲሰጥ ነው። መልሱ የሚመጣው በጄሰን (JSON) ነው፤ ጄሰኑም ሁሌ አንድ ዓይነት መያዣ አለው፦ ኮድ፣ መልእክት፣ ዳታ። ዳታ የሚለው ውስጥ አንዴ የአባላት ዝርዝር ይቀመጣል፣ አንዴ የአንድ ሰው ክፍያ፣ አንዴ የወሩ ድምር። እንግዲህ ጤነኛ ሰው ለእያንዳንዱ የተለየ ክላስ አይጽፍም። «ምላሽ» የሚል አንድ ክላስ ይጽፍና የዳታውን ዓይነት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ቲ ብሎ ክፍት ይተወዋል። ሲያስፈልግ የአባላት ሊስት ይሞላበታል፣ ሲያስፈልግ ክፍያ። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው፣ አስተማሪውም ያስተማረን ይህንኑ ነው። ጄነሪክ ክላስ የተፈጠረው ለዚህ ነው ተብለናል።

ከዚያ ጄሰኑን ወደዚህ ክላስ ለመቀየር ላይብረሪውን እንጠራለን። ላይብረሪው ይጠይቀናል፦ ወደ ምን ልቀይረው? እኛም «ወደ ምላሽ ክላስ» እንላለን፤ «የአባላት ሊስት የያዘ ምላሽ» ማለት ግን አንችልም። ጃቫ ውስጥ «ዶት ክላስ» ከማዕዘን ቅንፍ በኋላ አይጻፍም፤ ብንጽፈው ኮምፓይለሩ ይቆጣል። ስለዚህ ቅንፉን ትተን እንልካለን። ላይብረሪው ኮዱን በትክክል ይሞላል፣ መልእክቱን በትክክል ይሞላል፣ ዳታው ጋ ሲደርስ ግን ምን እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ በእጁ ያገኘውን ማፕ ውስጥ ይከታል። ግማሹ ትክክል ሆኖ የሚመጣ ነገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከተበላሸው ይብሳል፤ ኮዱ 200 ነው፣ መልእክቱ «ተሳክቷል» ይላል፣ ማን ይጠረጥራል?

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚል ሰው ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው መንገድ፣ መኪና ግርግር ላይ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቆም ማለት ይበቃዋል። ሰፊው ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምራል፦ ይህ ክንድ፣ ይህ አንገት፣ ይህ የእከሊት። መቀሱ የሚሄደው በጠመኔው ነው፣ ስፌቱም እንዲሁ። ቀሚሱ ሲያልቅ ጠመኔው ይራገፋል። ከዚያ በኋላ ቀሚሱን አንስቶ የማን እንደሆነ ከራሱ ከቀሚሱ ማወቅ አይቻልም። የጃቫ ኮምፓይለር በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የምንጽፈውን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኮዱን ሲፈትሽ ይጠቀምበታል፣ ፈትሾ ሲጨርስ ያራግፈዋል፤ ታይፕ ኢሬዠር የሚባለው ይኸው ነው። ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት የአባላት ሊስትና የክፍያ ሊስት ሁለቱም ሊስት ብቻ ናቸው።

ይህም ባልከፋ ነበር፤ ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ቢተወው። እሱ ግን ቅንፉን ካጠፋ በኋላ በየመጠቀሚያው ቦታ ላይ በእኛ ስም ካስት ያስገባል። ስለዚህ ጄሰኑ ሲቀየር ምንም አይጮኽም። ሊስቱ ስንት ሰው አለው ብንለው በትክክል ይቆጥራል። ይታተም ብንል ስሙንም መዋጮውንም አሳምሮ ያሳየናል። ከአምስት ፋይል በኋላ፣ የመጀመሪያውን አባል አውጥተን ስሙን ስክሪን ላይ ልናስቀምጥ ስንል፣ ያኔ ይፈነዳል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ቀዩ መስመር የሚጠቁመው ስሙን የሚያሳየውን የዋህ ኮድ ነው፤ ጥፋቱ የተሠራበት ቦታ ስሙም አይነሳ። አዲስ የመጣ ልጅ ስክሪኑን የሚያሳየውን ክላስ ሲያገላብጥ ያመሻል፣ እዚያ ግን ምንም የለም። (ሐረር ውስጥ ኤረር በር አንድ ብቻ ነው፤ ጃቫ ውስጥ ግን የገባንበትና የወጣንበት በር አይገናኝም።)

አሁን ይህ ዕዳ የማን ነው? ዘጠና ሰባት ሲባል አገሩ ሁሉ ምርጫውን ያስታውሳል። እኛ የምናስታውሰው ሌላ ነው፤ ጄነሪክ የገባበት ጃቫ 5 የወጣው መስከረም 20 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ጃቫ ያኔ ከስምንት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የመጀመሪያው ስሪት የወጣው በጥር 1988 ዓ.ም. ስለነበር በዓለም ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ተራራ የሚያህል ኮድ ተከምሯል። ያ ኮድ ሁሉ እንደገና ኮምፓይል ሳይደረግ ከአዲሱ ጋር አብሮ እንዲሠራ ተፈለገ። ጊላድ ብራቻ፣ ማርቲን ኦደርስኪ፣ ዴቪድ ስታውታማየርና ፊሊፕ ዋድለር ከዓመታት በፊት ያቀረቡት ንድፍ መፍትሔ ሆኖ ተገኘ፦ የዓይነቱ መረጃ ለኮምፓይለሩ ብቻ ይታይ፣ ከዚያ ይጥፋ። የድሮው ሊስት ለአዲሱ፣ አዲሱም ለድሮው እንግዳ አይሆኑም። ማይክሮሶፍት በ1998 ዓ.ም. በዶትኔት 2.0 ሌላ መንገድ መረጠ፤ የድሮውን ስብስብ ለብቻ ትቶ አዲስ አወጣ፣ የዓይነቱም መረጃ ፕሮግራሙ ሲሠራ እንዳለ ይቆያል። የሲሻርፕ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ስናለቅስ ግራ ተጋብተው የሚያዩን ለዚህ ነው።

የጃቫ ፈጣሪዎች፣ የሳን ማይክሮሲስተምስ ሰዎች፣ ውሳኔ በራሱ ሞኝነት አልነበረም፤ ያንን ሁሉ ኮድ ቢሰብሩት ጃቫ ዛሬ ላይኖር ይችል ነበር። ግን በ1997 ዓ.ም. ሐረር ውስጥ እንዳይሰበር የሚፈራለት የጃቫ ኮድ የነበረው ማን ነው? ያኔ እኛ ጋ ኢሜይል መክፈት ራሱ ሥራ ነበር። ኒውዮርክ ያለ ባንክ የድሮ ፕሮግራሙ እንዳይቆም ብሎ የወሰደውን ብድር ዛሬ ጀጎል ውስጥ የአፎቻ መዋጮ የሚመዘግብ ልጅ ይከፍላል። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ ይሄኛው የጎረቤት አባት ነው።

ደግነቱ ኮምፓይለሩ ሁሉንም አያራግፍም። ከዕቃው ላይ ያጠፋዋል እንጂ በክላሱ መግለጫ ላይ የተጻፈውን፣ ማለትም አንድ ክላስ ከማን እንደወረሰና ፊልዱ ምን እንደሚይዝ፣ በፋይሉ ውስጥ ያስቀረዋል። ኒል ጋፍተር የተባለ ሰው በ1999 ዓ.ም. ይህችን ቀዳዳ አሳየ፦ ስም የለሽ ትንሽ ክላስ ፍጠር፣ ከጄነሪኩ ውረስ፣ ከዚያ «አባትህ ማን ነው?» ብለህ ጠይቀው፤ ሙሉውን ይነግርሃል። የጂሰን ታይፕቶክን፣ የጃክሰንም ታይፕሪፈረንስ የሚሠሩት በዚህ ነው። መጨረሻ ላይ የምንጨምራቸው፣ ባዶ የሚመስሉት ሁለት የጥምዝ ቅንፎች ክላሱን የሚወልዱት እነሱ ናቸው። እነሱን የረሳ ሰው የሚያገኘው ሌላ ስድብ ነው።

መልካም፣ ተማርነው። ቅንፎቹን እንጨምራለን፣ ይሠራል፣ ደስ ይለናል። ደስታው እስከሚቀጥለው ሳምንት ነው። ምክንያቱም ያው ታይፕቶክን በየቦታው መደጋገም ያስጠላልና «ለምን አንድ ሜተድ ጽፌ ለሁሉም አልጠቀምም?» እንላለን። ሜተዱም ራሱ ጄነሪክ ይሆናል፤ ውስጡ «ታይፕቶክን የቲ ሊስት» ብለን እንጽፋለን። ቲ ግን ማን ነው? በክላሱ ፋይል ውስጥ የተጻፈው «ቲ» የሚል ፊደል ብቻ ነው፤ የጠራው ሰው ምን እንዳሰበ እዚያ የለም። ማፑ ተመልሶ ይመጣል። አዲሶቹ የጂሰን ስሪቶች ይህን ሲያዩ ወዲያው ይጮኻሉ፣ እግዜር ይስጣቸው፤ የድሮዎቹ ግን ዝም ብለው ያሳልፉ ነበር፤ በየቢሮው ያለው ፕሮጀክት ደግሞ የሚሠራው በድሮው ነው። መውጫው ክላሱን ለሜተዱ በእጅ ማቀበልና «ጌትፓራሜትራይዝድ» በሚለው የሊስቱን ዓይነት መገጣጠም ነው፤ በጃክሰን «ኮንስትራክት ፓራሜትሪክ ታይፕ» ይባላል። ስሙ ራሱ ምላስ ያስራል።

እዚህ ላይ የአንድሮይድ ሰዎች እንባ ይለያል። በመሞከሪያው ስሪት ሁሉ ነገር ሰላም ነው። አጥብቀን፣ አሳንሰን ለሰው የሚሰጠውን ስሪት ስናወጣ ግን ኮዱን የሚጨምቀው መሣሪያ፣ አርኤይት ነው ስሙ፣ ያችን በፋይሉ ውስጥ የቀረች የአባት ስም «ትርፍ ናት» ብሎ ይቆርጣታል። እኛ ስልክ ላይ የሚሠራው በሽማግሌው ስልክ ላይ ይዘጋል። «ሲግነቸርን ጠብቅ» የምትል አንዲት መስመር በአንድ ፋይል ውስጥ መጨመር ነው የመፍትሔው መጀመሪያ፤ መስመሯን ለማግኘት ግን መረቡ መሥራት አለበት፣ መብራቱ መኖር አለበት፣ ግሬድል የሚያወርደውን አውርዶ መጨረስ አለበት። ከምሳ በኋላ ነገሩ ከተጀመረ በርጫው ላይ ሆኖ ነው የሚፈለገው፤ እዚያ ደግሞ ስለ ታይፕ ኢሬዠር ልንገራችሁ የሚል ሰው ሁለተኛ አይጠራም።

እስካሁን ያወራሁት የሚጮኸውን ነው። የማይጮኸው ይብሳል። ጄሰን የሚያውቀው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፤ ሙሉ ቁጥርና ነጥብ ያለው ብሎ አይለይም። ጂሰን ዓይነቱ ያልተነገረው ቁጥር ሲያገኝ ሁሉንም ደብል ያደርገዋል። ስለዚህ የሁለት መቶ ሃምሳ ብር መዋጮ 250.0 ሆኖ ይወጣል። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «ልጄ፣ ይህ ነጥብ ዜሮ የማን ነው? እኔ ሳንቲም አልሰበሰብኩም» ይላሉ። ምን ይመለስላቸዋል? ነጥብ ዜሮው ቀላሉ ነው። በ251 የሚጀምር ስልክ ቁጥር 2.51 ከሚል ይጀምርና መጨረሻው ላይ ኢ እና 11 ተለጥፎበት ይመጣል። 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥርም ቢመጣ ዕጣው ይኸው ነው። ከ9,007,199,254,740,992 በላይ የሆነ ረጅም የክፍያ ማመሳከሪያ ቁጥር ቢመጣ ደግሞ መልኩ ብቻ ሳይሆን የመጨረሻው አሃዝ ራሱ ሊቀየር ይችላል፤ ደብል ከዚያ በላይ እያንዳንዱን ሙሉ ቁጥር መያዝ አይችልም። የአንዱ ሰው ክፍያ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ማን ያምነናል? ገንዘብ ያለበት ነገር እኮ ነው።

ላኪዎቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። ከየመሥሪያ ቤቱ፣ ከየክፍያ ድርጅቱ የሚመጣልን ጄሰን አመሉ ብዙ ነው። ዝርዝሩ ሦስት ሰው ሲኖረው ሊስት ሆኖ ይመጣል። አንድ ሰው ብቻ ሲኖረው ሊስቱን ጥሎ ሰውየውን ብቻውን ይልካል። ማንም ከሌለ አንዳንዱ «ኑል» ይላል፣ አንዳንዱ ባዶ ጥቅስ ይልካል፣ አንዱም «መረጃ አልተገኘም» ብሎ በዚያው በዳታ ቦታ ላይ ጽሑፍ ያስቀምጣል። እኛ «የአባላት ሊስት» ብለን ዓይነቱን በሚገባ አስረድተን የጠበቅነው ላይብረሪም «ሊስት መጀመሪያ ጠብቄ ኦብጀክት መጀመሪያ አገኘሁ» ብሎ ይሞታል። እዚህ ላይ እሱ ምን አጠፋ?

መነሻው ብዙ ጊዜ ይታወቃል። በፒኤችፒ የተሠራ ሲስተም ላይ ቁጥር ያለው ዝርዝርና ስም ያለው ዝርዝር ሁለቱም አሬይ ናቸው። ወደ ጄሰን ሲቀየር ከዜሮ ጀምሮ በተርታ የተቆጠረው በካሬ ቅንፍ ይወጣል፣ ሌላው በጥምዝ። ባዶው ደግሞ ስም ሊኖረው ይገባ የነበረ ቢሆንም በካሬ ቅንፍ ይወጣል። ላኪው ከዝርዝሩ መሐል አንድ ያልከፈለ ሰው አጣርቶ ካስወጣ ቆጠራው ይዘላል፤ ቆጠራው ከዘለለ ሊስቱ ኦብጀክት ሆኖ ይመጣል። ማለትም አንድ ሰው ስላልከፈለ የሁሉም መተግበሪያ ይዘጋል። ከኤክስኤምኤል የሚቀየረው በተራው አንድ ነገር ብቻ ሲያይ ሊስት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጃክሰን «ነጠላውንም እንደ ሊስት ተቀበል» የሚል ማብሪያ አለው፤ «ባዶ ጥቅስን እንደ ኑል ቁጠር» የሚልም አለው። ማብሪያዎቹ መኖራቸው ብቻውን ይህ እሮሮ የሐረር ብቻ አለመሆኑን ይነግረናል፤ ሲያትልም ባንጋሎርም እኛ ባለንበት ቁጭ ብለው ያለቀሱ አሉ።

ቀንን በተመለከተ ግን የሚያለቅስልን የለም። ጄሰን የቀን ዓይነት የለውም፤ ቀን ማለት በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው። አንዱ ሲስተም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ በሰረዝ ለይቶ ይልካል። እኛ ፊልዱን «ሎካልዴት» ብለነዋል። አብዛኛው ቀን ሳይጮኽ ያልፋል፣ በእርግጥ ስሕተት ሆኖ ያልፋል። በጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የከፈለ ሰው ሲመጣ ግን ጃቫ ሁለተኛ ወር ማለት ፌብሩዋሪ ነው ብሎ «ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም» ይላል። ጳጉሜን 5 ሲመጣ «ወር ከ1 እስከ 12 ነው፣ 13 አላውቅም» ይላል። ይህ እንኳን ይሁን፣ ጮኸ። የድሮውን «ሲምፕልዴትፎርማት» የሚጠቀም ኮድ ግን ለስላሳ ነው፣ እምቢ አይልም። ጳጉሜን 5 ቀን 2017ን አስራ ሦስተኛውን ወር ወደ ቀጣዩ ዓመት ገፍቶ ጃንዋሪ 5 ቀን 2018 ያደርገዋል። እሱን መልሶ እንደ ኢትዮጵያ ቀን ያነበበ ሰው መስከረም 5 ቀን 2018 ይለዋል። ሰውየው በጳጉሜን የከፈለው መዋጮ ዕንቁጣጣሽን ዘልሎ በአዲሱ ዓመት ይመዘገባል፤ ባለፈው ዓመት ዝርዝር ላይ ዕዳ ያለበት ሆኖ ይቀራል።

የሚገርመው ጃቫ 8 በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ሲወጣ ከጎርጎርዮሳዊው ሌላ አራት የዘመን አቆጣጠሮችን ይዞ መጣ፦ የጃፓኑን፣ የታይላንዱን፣ የታይዋኑንና የሂጅራውን። ስለዚህ አፎቻው ለሸዋሊድ በዓል መዋጮ ለማሰባሰብ የሸዋል ወር ስምንተኛው ቀን መቼ እንደሚውል ቢጠይቀን ጃቫ ራሱ በስሌት ይመልሳል፤ የጨረቃዋ መታየት የራሱ ጉዳይ ነው። ጳጉሜንን ግን የውጭ ላይብረሪ ካልጨመርን አያውቃትም። ጀጎል ውስጥ ሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለው ይኖራሉ፤ ጃቫ አንዱን ብቻ አነበበ።

አድራሻም ያው ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። የጀጎል ጥንታዊ በሮች አምስት ናቸው፣ ሁሉም ከአንድ በላይ ስም አላቸው። አስማዲን በሪ የሚለው ሰው አለ፣ ሸዋ በር የሚለው አለ። በድሮ በሪና ቡዳ በር አንድ ናቸው፣ ሱቁጣት በሪና ሰንጋ በርም አንድ ናቸው። ይህን ኢነም አድርጎ አምስት ስም የጻፈ ሰው ስድስተኛው ስም ሲመጣ ሁለት ዕጣ አለው፦ ጃክሰን ይጮኻል፣ ጂሰን ደግሞ ዝም ብሎ ኑል ያስቀምጣል። ሰውየው ሰፈሩ ይጠፋበታል። ለመሆኑ ይህንን የነደፈው ሰው ሐረር ገብቶ ያውቃል?

የእኛ ነገር ግን የሚያስቀው መፍትሔ ስንል የምናደርገው ነው። ኮምፓይለሩ እኮ አንዳንዴ ይነግረናል፤ ቢጫ መስመር አስምሮ «ይህን ካስት ማረጋገጥ አልችልም» ይላል። እኛስ? «ሰፕረስዋርኒንግስ» የምትል መስመር ከላዩ እንለጥፍበታለን፤ በአማርኛ «አፍህን ዝጋ» ማለት ነው። በየፕሮጀክቱ የተለጠፈችውን ብንቆጥር ከጀጎል መንደሮች ጠባብ መንገዶች በላይ ትበዛለች፤ እነሱ እንኳ 368 ናቸው እየተባለ ይነገራል። ከዚያ ሲፈነዳ ጃቫን እንሳደባለን። ኮትሊን ይሻላል የሚል ወዳጅ ደግሞ አይጠፋም። አዎ፣ እሱ ጋ ሪፋይድ የሚባል ነገር አለ፣ ታይፕቶክኑን በየቦታው ከመጻፍ ያሳርፋል፤ ግን ሰርቨሩ የሚልከው ጄሰን ያው ነው፣ ጳጉሜንም ያው ናት።

ሥራ ለሚሰጡን ሰዎች ስለዚህ ነገር ማስረዳት ከንቱ ነው፤ እነሱ የሚያዩት መዘጋቱን ነው። ስለዚህ ይህ ልመና ለእነሱ ሳይሆን ጄሰን ለምትልኩልን ነው፤ አዲስ አበባም ሁኑ ድሬዳዋ፣ መሥሪያ ቤትም ሁኑ ድርጅት። የምትሰጡን ሰነድ ሁሌ አንድ ናሙና ብቻ አለው፤ ያውም ሁሉም ነገር የሞላበት፣ ሦስት ሰው ያለበት፣ በሕይወት የማይገጥም ናሙና። እባካችሁ ሁለት ጨምሩበት፦ አንድ ሰው ብቻ ሲኖር ምን እንደምትልኩ፣ ማንም በማይኖርበት ጊዜም ምን እንደምትልኩ። ስልክ ቁጥሩን በጥቅስ ውስጥ አድርጉት፣ ከቀኑ ጎን አቆጣጠሩን ጻፉ። የላካችሁት ከናሙናው ጋር ከተለያየ ደግሞ ከእኛ ተጠቃሚዎች ቀድማችሁ ንገሩን።